ዋቱን ተዉት፤ መንታ ሳጥን ግዙ

ባለፈው ሰሞን ከመካነ ሰላም አንድ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሁለት ጥቁር ሳጥኖች ተደራርበው ቆመዋል። የላይኛው ባለ 10 ኢንች ስፒከር አራት የተገጠሙበት ነው፤ የታችኛው ባለ 15 ኢንች አንድ ትልቅ ስፒከር ብቻ። ከፎቶው ሥር «ሻጩ 1000 ዋት ነው እያለኝ ነው፤ ለሰርግ አይበቃንም?» የሚል ጥያቄ አለ። አራት ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ኦርጋን ይጫወታል፣ አንዱ ድራም ይመታል፣ አንዷ ትዘፍናለች፣ ፎቶውን የላከልኝ ልጅ ደግሞ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ገንዘቡ የእቁብ ነው፤ በዚህ ዙር ዕጣው የወጣው ለእሱ ነው።

«ቆይ፣ እንዳትከፍል» አልኩት። ምክንያቱን በድምፅ መልእክት ላስረዳው ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም አጠፋሁት። ነገሩ ረዘመብኝ። የእሱ ጥያቄ የእሱ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

አቋሜን መጀመሪያ ልናገር። በቦረና፣ በከለላ፣ በወግዲ፣ በለጋምቦና በአማራ ሳይንት ከሰርግ ሰርግ ለሚዞር ትንሽ ባንድ 15 ኢንቹንና 4×10ሩን (ባለ 10 ኢንች አራት ስፒከር ያለውን ሳጥን እንዲህ እንጽፈዋለን) ቀላቅሎ መግዛት ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ቀለል ያሉ ሁለት ሳጥኖች ይሻላሉ። እነሱም ባንዴ መገዛት የለባቸውም።

ኢኮኖሚክስ ስላጠናሁ ይሆናል፣ ስፒከር ሳይ ቀድሞ የሚታየኝ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ስፒከር ማግኔቱም፣ ሽቦውም፣ ወረቀቱም ከውጭ ነው የሚገባው። ስለዚህ ድሮ ተሳስቶ መግዛት የሚያስከፍለው ዛሬ ከሚያስከፍለው ጋር አይወዳደርም። በዚህ ላይ መንገዱን ጨምሩበት። አዲስ አበባ ወይ ደሴ የተገዛ ሳጥን በጉጉፍቱ ብርድ፣ በአቀስታ በኩል አልፎ መካነ ሰላም ከወረደ በኋላ «አልተስማማኝም፣ ልመልሰው» ብሎ ነገር የለም። የመኪናው ኪራይ ራሱ ሌላ ዕቁብ ይፈልጋል።

«ቆይ፣ ቤዝ ጊታርስ ለምን አስፈለገ? ኦርጋኒስቱ በግራ እጁ ይመታው የለ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይመታዋል። ብዙ የሰርግ ሙዚቃችን ለዓመታት የኖረውም በዚያ ነው፤ እኔም ጨፍሬበታለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኤሬ መላ መላ» በጆሮ ማዳመጫ ስሙትና የባንዱን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን ተከተሉት። ወይ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የዋልያስን «ቼ በለው» ክፈቱና ጆሯችሁን መላኬ ገብሬ ቤዝ ላይ ጣሉት። ቤዙ ከሥር ሆኖ ዜማውን ከመደገፍ አልፎ ከድራሙ ጋር እየተነጋገረ ይገፋዋል፤ አንዳንዴም ዝም ብሎ ያስጠብቀዋል። የኦርጋን ግራ እጅ ይህን ማድረግ አይችልም አልልም፤ ቀኝ እጁ ዜማ እየመታ፣ ዓይኑ ደግሞ ሙሽሮቹ ገብተው እንደሆነ በሩን እያየ ግን ይከብደዋል። አምባሰልና ባቲ ስማቸው የወሎ አገር ስም ሆኖ፣ እነዚህን ቅኝቶች በሕያው ቤዝ የሚጫወት የወሎ ልጅ ማግኘት ብርቅ መሆኑ እኔን ያናድደኛል። አራት ልጆች በራሳቸው ገንዘብ ይህን ሊያደርጉ ሲነሱ ደግሞ ዕቃው ተቃጥሎ ተስፋ እንዲቆርጡ አልፈልግም።

«እሺ፣ ቤዙን በሞንታርቦው እናውጣው» የሚልም አለ። ድምፃዊቷ፣ ኦርጋኑና ቤዙ በአንድ ሞንታርቦ ሲወጡ አብዛኛውን ጉልበት የሚበላው ቤዝ ነው። ሳጥኑ ከአቅሙ በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዳው የዘፋኟ ድምፅ ይሆናል፤ ቤዙ በተመታ ቁጥር ቃሏ ይንቀጠቀጣል። ቤዝ የራሱ ሳጥን ካለው ሞንታርቦው ለሰው ድምፅ ነጻ ይወጣል። በቃ፣ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስፒከሩ።

ስልካችሁ ላይ ቤዝ ይሰማችኋል አይደል? ስፒከሩ ግን አያወጣውም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር፣ ኢ የሚባለው፣ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ 41 ሄርዝ ማለት ነው። የስልክ ስፒከር እዚያ አጠገብ አይደርስም። የሚያወጣው የዚያን ድምፅ እጥፎች ነው፤ እጥፉን፣ ሦስት እጥፉን፣ አራት እጥፉን፣ ከዚያም በላይ። አእምሯችን ከእነዚህ ተነስቶ ያልወጣውን 41 ራሱ ይሞላዋል። በገና ሠሪዎች ይህን ከፊዚክስ መምህሮቻችን በፊት የደረሱበት ይመስለኛል። በእያንዳንዱ ክርና በበርኩማው መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ክሩን እንዲንዘረዘር ታደርገዋለች። ያ ንዝረት እጥፎቹን ያበዛቸዋል፤ ስለዚህ ቀጭኗ የእንጨት ሳጥን ከምትችለው በላይ ወፍራም ድምፅ ይሰማናል።

ይህን ያመጣሁት ለጨዋታ አይደለም። አብዛኛው የቤዝ ሳጥን፣ ውዱም ጭምር፣ 41 ሄርዝን በሙሉ ጉልበቱ አያወጣም። ሰርግ ላይ «ቤዝ» ብለን ደረታችን ላይ የምንሰማው በብዛት ከ80 ሄርዝ አካባቢ ጀምሮ ያለው ነው። ስለዚህ «15 ኢንች ካልሆነ ቤዝ አይወርድም» የሚለውን ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚዞር አባባል እንመርምረው።

ጥፋቱ ከከበሮ የመጣ ይመስለኛል። ከበሮ ላይ ሰፊው ፊት ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ድቤ ሲመታ ያደገ ሰው ትልቅ ክብ ነገር ሲያይ ወፍራም ድምፅ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ስፒከር ግን ከበሮ አይደለም። ከበሮ የራሱን ድምፅ ያወጣል፤ ስፒከር የታዘዘውን ነው የሚያወጣው። እስከ የት እንደሚወርድ የሚወስኑት ወረቀቱ ምን ያህል ወደፊትና ወደኋላ መሄድ እንደሚችል፣ የተሰቀለበት ጠርዝ ምን ያህል ልል እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሳጥኑ ስፋትና ቀዳዳው እንዴት እንደተለካ ነው። ጥሩ ሳጥን ውስጥ ያለ 10 ኢንች መጥፎ ሳጥን ውስጥ ካለ 15 ኢንች በታች ሊወርድ ይችላል።

ደግሞ የስፒከር ሥራ አየር መግፋት ነው፤ የሚገፋው በስፋቱ ነው። የክብ ስፋት የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ነውና እንሥራው። የአንድ ባለ 10 ኢንች ስፋት 78 ካሬ ኢንች ተኩል ያህል ነው፤ አራቱ 314። የባለ 15ቱ 177 ብቻ ነው። ትልቁ የቱ ነው እንግዲህ? ልጁ «ቤዙን ይሰጠናል» ብሎ ከታች ያስቀመጠው ሳጥን ከላይ ካለው በግማሽ ገደማ ያነሰ አየር ነው የሚገፋው። በነገራችን ላይ በቤዝ ታሪክ እጅግ ስመ ጥር የሆነው ሳጥን፣ አምፔግ እ.ኤ.አ. በ1969 ከኤስቪቲ አምፕሊፋየሩ ጋር ያወጣው፣ ስምንት ባለ 10 ኢንች ያለው ነው። 15 ኢንች የሚባል ነገር ውስጡ የለም። (እሱንም ግዙ እያልኩ አይደለም። የዛሬው 8×10 ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ባጃጅ ላይ ስትጭኑት ማየት ግን እፈልጋለሁ።)

ሁለቱን ስትቀላቅሉ ምን ይሆናል? አምፑ 400 ዋት ይሰጣል እንበል፤ ሁለቱም ሳጥኖች 8 ኦም ናቸው። እኩል ይካፈላሉ፤ 200 ለዚያ፣ 200 ለዚህ። 4×10ሩ ውስጥ ያሉት አራቱ ለእያንዳንዳቸው 50 ዋት ይደርሳቸዋል። 15ቱ ግን 200ውን ብቻውን ይሸከማል። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ጆንያ ጤፍ አስቡ፤ አንዱን አራት ሰው ያነሳዋል፣ ሌላውን አንድ ሰው። ማን ቀድሞ እንደሚያቃስት ግልጽ ነው። 15ቱ መንተፋተፍ ሲጀምር ድምፁን መቀነስ ግድ ይሆናል፤ አስሮቹ ገና ሳይሞቁ። ለአራት ስፒከር ከፍላችሁ በአንዱ አቅም ትታሰራላችሁ።

ከዚህ የባሰው ኦሙ ሲለያይ ነው። ፎቶው ላይ ያለው 4×10 ጀርባው ላይ «4 ኦም» ይላል፤ 15ቱ «8 ኦም»። ሁለቱ በአንድ አምፕ ሲሰኩ 12 አይሆኑም። መንገድ ሲበዛ ማለፍ ይቀላል፤ ኤሌክትሪክም ሁለት መንገድ ሲያገኝ ብዙ ይፈስሳል፣ ስለዚህ ኦሙ ይወርዳል። 8 እና 8 ተደምረው 4 ይሆናሉ። 4 እና 8 ደግሞ 2.67። ብዙ የቤዝ አምፖች ጀርባቸው ላይ ዝቅተኛው 4 ኦም ነው ብለው ተጽፎባቸዋል። 2.67 ስትሰኩበት መጀመሪያ ደስ የሚል ድምፅ ይሰጣችኋል። ከዚያ ይሞቃል። ከዚያ ወይ ራሱን ያጠፋል፣ ወይ ይነዳል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሙሽራው ሲገባ ነው። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ የመሰለው መብራት የሄደ ነው።

ሦስተኛውን ጉዳት ለማስረዳት ይከብዳል፣ ለመስማት ግን ቀላል ነው። የተለያዩ ሁለት ሳጥኖች አንዱን ኖታ በአንድ አፍ አይናገሩትም። አንዱ ሲገፋ ሌላው ትንሽ ዘግይቶ ይገፋል። አንዳንዱ ኖታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዱ ላይ ይጣፋሉ። ድንኳኑ ውስጥ ስትቆሙ አንዱ ኖታ ሆድ ያናውጣል፣ ቀጣዩ የት እንደገባ አይታወቅም። አምስት ኖታ ባለው ቅኝት ላይ አንዱ ኖታ ጠፋ ማለት ቅኝቱ ተበላሸ ማለት ነው። ይህን ጥምር ለረጅም ዓመት ወደውት የተጫወቱበት አሉ፤ ጆሯቸውን አልክድም። አንዱ አምራች አብረው እንዲሠሩ ብሎ ያወጣቸው ከሆኑም ነገሩ ይለያል። ሱቅ ውስጥ የተገኘውን ከተገኘው ጋር ማጋባት ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ መንታው። ሁለት 2×12 ሳጥን፣ እያንዳንዱ 8 ኦም፣ ከአንድ አምራች፣ አንድ ሞዴል። ሲደመሩ 4 ኦም ናቸው፤ አምፑ የሚፈልገው ልክ። አራቱም ስፒከሮች እኩል 100 ዋት ይደርሳቸዋል፤ የሚለግም የለም፣ የሚጨናነቅ የለም። ስፋታቸው ሲደመር 452 ካሬ ኢንች ነው፤ የተቀላቀለው ጥምር 491። ልዩነቱ 8 በመቶ ብቻ ነው፤ በምትኩ ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳው ዕቃ አገኛችሁ። ገንዘቡ ካነሰ ሁለት 2×10ም ጥሩ ነው። መርሁ ያው ነው።

ዋቱስ? ዋት እንደ ማዳበሪያ ነው። የመጀመሪያው ኩንታል ለውጥ ያመጣል፤ እየጨመራችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የሚጨምርላችሁ ምርት እያነሰ ይሄዳል። ዋቱን እጥፍ ማድረግ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚለው ያህል። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስላችሁ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ነው። አሁን መንታውን አስሉት። አምፑ በአንድ 8 ኦም ሳጥን 250 ዋት፣ በሁለቱ 400 ይሰጣል እንበል። ሁለተኛውን ሳጥን ስትጨምሩ ከዋቱ 2 ዴሲቤል፣ ከስፋቱ ደግሞ በወፍራሙ ድምፅ ላይ 3 ዴሲቤል ታገኛላችሁ፤ በድምሩ 5። ይህንኑ 5 ዴሲቤል በአንዱ ሳጥን ላይ በዋት ብቻ ለማምጣት 790 ዋት ያስፈልጋችሁ ነበር፤ ስፒከሩ ከቻለው። ሻጭ ስለ ዋት ሲያወራላችሁ ስለ ሴንሲቲቪቲ ጠይቁት፤ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ። 100 ዴሲቤል የሚያወጣ ሳጥን በ100 ዋት የሚሰጣችሁን 94 የሚያወጣው በ400 ዋት ነው የሚሰጣችሁ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ዋቱ ደግሞ ፊት ለፊት በወርቃማ ተለጣፊ። ለምን እንደሆነ ለናንተ ልተወው።

የመንታው ትልቁ ጥቅም ግን ከድምፅም በላይ ገንዘቡ ላይ ነው። ዛሬ አንዱን ትገዛላችሁ። ለልምምድ፣ ለትንሽ ምሽት፣ ለልደት አንዱ ይበቃል። ሠርታችሁ፣ ገበያውን አይታችሁ፣ ባንዱ ካልፈረሰ ሁለተኛውን ትጨምራላችሁ። ከፈረሰ ደግሞ ኪሳራው ግማሽ ነው። (ባንድ ይፈርሳል፤ አንሸዋወድ።) አንዱ መሐል ላይ ቢቃጠል በሌላው ሰርጉን ትጨርሳላችሁ። ስፒከር የሚጠቀልል ባለሙያ ፍለጋ ደሴ ድረስ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አቀማመጡ በአጭሩ፦ ሁለቱን አንዱን ባንዱ ላይ አቁሟቸው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ጥርት ያለው ድምፅ ወደ መሐል ይጠብና ግራና ቀኝ የተቀመጠው ሰው ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። ተደራርበው ሲቆሙ የላይኛው ጆሯችሁ አጠገብ ይደርሳል፤ ራሳችሁን ስትሰሙ ድምፅ አትጨምሩም።

የመካነ ሰላም የራሱ ጣጣም አለ። ከተማው ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ዙሪያው ያለው ደጋ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። መብራት ሲሄድ የሚነሳው ጄኔሬተር ቤንዚኑን ለማቃጠል አየር ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው። በተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል አቅም ይቀንሳል። ይህ ማለት በባሕር ጠለል 2.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር እናንተ ጋ ሲደርስ ከሩብ በላይ አቅሙን ጥሎ ነው። ከዚያ ላይ የድንኳኑ መብራት፣ ሞንታርቦው፣ ኦርጋኑ አለ። አምፑም በስስ አየር ራሱን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ጋቢ አልብሳችሁ ጥግ አትወትፉት። ስፒከሩም ራሱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ለዚህስ አብሽሩ። ዋናው ነጥብ ከጄኔሬተሩ የምታገኟት ዋት ውድ መሆኗ ነው። ስለዚህ ያችን ዋት ወደ ድምፅ በደንብ የሚቀይር ሳጥን ከትልቅ አምፕ ይበልጣል።

እግረ መንገዴን፦ አምፑ ላይ «ቤዝ» የምትለውን ቁልፍ እስከ መጨረሻ መጠምዘዝ ተዉ። 6 ዴሲቤል ጨመራችሁ ማለት እዚያ ቦታ ላይ አራት እጥፍ ዋት ጠየቃችሁ ማለት ነው። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ደግሞ ከተለካበት በታች ሲታዘዝ ወረቀቱን የሚይዝለት አየር ያጣል፤ ድምፅ ሳይሰጥ እየተወራጨ ይቀደዳል። መካከለኛውን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ቤዙ ድንኳኑ ጫፍ የሚደርሰው በእሱ ነው።

አንድ ሌላ ሐሳብ አለኝ፤ በዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር እንጨቃጨቃለን። ሳጥኑን ለምን ከውጭ እናስመጣለን? ስፒከሩ ራሱ፣ ማግኔቱና ወረቀቱ፣ ከውጭ ይምጣ፤ ሌላ መንገድ የለም። ሳጥኑ ግን እንጨት ነው። 18 ሚሊሜትር ኮምፖርሳቶ፣ ኮላ፣ ብሎን፣ ልኩን የሚጠብቅ አናጺ። ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ይሠራዋል፤ አየር በመገጣጠሚያው እንዳያፈተልክ መጠንቀቅ ብቻ ነው። ቺፑድ ግን አይሁን፤ ዝናብ አንዴ ካገኘው ያብጣል። ጓደኞቼ «ድምፁ አይገኝም» ይላሉ። በዘፈቀደ ከተሠራ አዎ፣ አይገኝም። የስፒከሩ አምራች ስንት ሊትር ሳጥን፣ ስንት ኢንች ቀዳዳ እንደሚፈልግ በወረቀት ያወጣል፤ ስልካችሁ ላይ በሞዴሉ ቁጥር ፈልጋችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ያንን ከተከተላችሁ አናጺው ከፋብሪካው አያንስም። መንታ ማሠራት ደግሞ ለአናጺም ይቀላል፤ አንዴ ለክቶ ሁለቴ ይቆርጣል።

ይህ ጉዳይ የአራት ልጆች ብቻ አይደለም። መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ በየወረዳው የባህልና የወጣቶች ጉዳይ የሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች አሉ፤ የኪነት ቡድን የሚያቋቁም ትምህርት ቤትም አይጠፋም። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ዕቃ የሚገዙት በጨረታ ነው። ሰነዱ ላይ «ስፒከር፣ 1000 ዋት፣ ብዛት 2» ተብሎ ከተጻፈና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ካሸነፈ፣ አሸናፊው ሕጉን ሳይጥስ ተለጣፊውን ብቻ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ዋት ለመጻፍ ነጻ ነው፤ ለማምረት ግን ያስከፍላል። በምትኩ አራት ነገር ይጻፍ፦ የእያንዳንዱ ሳጥን ኦም፣ ሴንሲቲቪቲው በዴሲቤል፣ ስንት ሄርዝ ድረስ ከ3 ዴሲቤል ሳይበልጥ ሳይቀንስ እንደሚወርድ፣ ሁለቱም አንድ ሞዴል መሆናቸው። ወጪ የለውም፤ የሰነዱ አንድ አንቀጽ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ስፒከር በሁለተኛው ዓመት መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲለብስ፣ የጠፋው ብሩ ብቻ ሳይሆን በዚያ ስፒከር ሊለማመዱ የነበሩ ልጆች ናቸው።

ሱቅ ስትገቡ ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ ሦስት ነገር አለ፤ ሁሉም ኪስ ይገባል። አንደኛው ቴስተር። የሳጥኑን መሰኪያ ለኩት፤ 8 ኦም የተባለው ከ5 ተኩል እስከ 7፣ 4 ኦም የተባለው 3 ወይ 3 ተኩል ያህል ያነባል። ይህ ጤነኛ ነው፤ ቴስተር ቆሞ ነው የሚለካው። ምንም ካላነበበ ስፒከሩ ተቃጥሏል። ሁለተኛው ባለ 1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ። ፖዘቲቩን በፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን በኔጌቲቭ ለአፍታ ንኩ፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ መግፋት አለበት። ሁለቱም ሳጥኖች ላይ ሞክሩ። አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ አንዱ ተገልብጦ ተገጥሟል፤ ሁለት ሰው አንድን በር አንዱ እየገፋ ሌላው እየጎተተ ማለት ነው፣ ቤዙ ይጠፋል። ሽቦውን መገልበጥ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ሦስተኛው ስልካችሁ። ድምፅ የሚያመነጭ ነጻ መተግበሪያ አውርዳችሁ 82፣ 55፣ ከዚያ 41 ሄርዝ ቀስ ብላችሁ አውጡ። የሚያፏጭ፣ የሚንኳኳ ነገር ካለ እዚያው ትሰሙታላችሁ። ሻጩ ቢያጉረመርም አትፈሩ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ገመዱን አደራ። ከጊታር ወደ አምፕ የሚሄደውን ቀጭን ገመድ ከአምፕ ወደ ስፒከር አትጠቀሙበት። መሰኪያው ይመሳሰላል፣ ሽቦው ግን አይችለውም። ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ባለ ሁለት ክር፣ 2.5 የሚባለውን መዳብ ሽቦ ገዝታችሁ አሠሩት።

ልጁ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ጻፈልኝ። የተቀላቀለውን ትቶታል። አንድ 2×12፣ 8 ኦም፣ ገዝቷል፤ የአምፑ ዝቅተኛ ኦም 4 መሆኑንም ደረሰኙ ላይ አስጽፎታል (ይህን እንኳ እኔ አልነገርኩትም)። ሁለተኛው መንታ የሚገዛው የእቁቡ ዕጣ ለድራም መቺው ሲወጣ ነው። የፈሩት ነገር እስከዚያ ድረስ ሞዴሉ ከገበያ እንዳይጠፋ፣ ወይ ዋጋው እንዳይወጣባቸው ነው። ይህን እኔም ፈርቻለሁ፤ ከጠፋ ያንኑ ሳጥን ለአናጺ አስለክተው ስፒከሩን ብቻ እንዲያፈላልጉ ነግሬዋለሁ። የጥርን ሰርጎች በአንዱ ነው የሚወጡት።